«ክክክ» ስንት ክ አለው? የኢንተርኔት ቃላትን በቀልድ ስለመፍታት

ኮዬ ፈጬ ይሁን የካ አባዶ፣ ጀሞ ይሁን ቱሉ ዲምቱ፣ በአዲስ አበባ ዳርቻ ያለ አንድ የኮንዶሚኒየም ብሎክ የቴሌግራም ግሩፕ ብትከፍቱ ሦስት ዓይነት አጻጻፍ ጎን ለጎን ታገኛላችሁ። አንደኛው በፊደላችን ተጽፎ በአራት ነጥብ የተዘጋ ነው፤ «ውሃ ዛሬም አልመጣችም።» ሁለተኛው አማርኛው በላቲን ፊደል፣ አናባቢው እየተዘለለ የሚጻፍ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ምህጻረ ቃልና ቁጥር የተቀላቀለበት የኢንተርኔት ቋንቋ ነው፤ «ኤ-ኤፍ-ኬ»፣ በሁለት ዜሮ የተጻፈ «ኑብ»፣ «1337»። ሦስተኛውን የማያነብ ጎረቤት «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ሲል ደረቅ ትርጉም ይሰጠዋል፤ በማግስቱ ይረሳዋል። የቀልድ ፍቺ ግን ይያዛል። እንዲያዝ ከተፈለገ ጸሐፊው የቃሉን እውነተኛ ትርጉምና አመጣጥ ጠንቅቆ ማወቅ አለበት። ቃሉን ሳያውቁ የሚጻፍ ቀልድ ከቃሉ ጋር አይያያዝም፤ ለሌላ ለማንኛውም ቃል ይሆናልና። ስለዚህ ከቃላቱ አሠራር እንጀምር።

ቁጥር የተቀላቀለበት አጻጻፍ «ሊት» ይባላል። ያደገው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ፣ ኮምፒውተር በስልክ መስመር እየደወለ በሚገባባቸው የመልእክት ሰሌዳዎች ላይ ነው። ስሙ የተቆረጠው «ኤሊት» ከሚለው ቃል ነው፤ ምርጥ፣ ልዩ ደረጃ ያለው ማለት ነው። በእነዚያ ሰሌዳዎች ላይ ለሁሉም ወደማይከፈተው ክፍል መግባት የተፈቀደለት ተጠቃሚ እንዲህ ይባል ነበር። አሠራሩ የቅርጽ መመሳሰል ነው። 4 በኤ ፋንታ ይገባል፣ 3 በኢ፣ 0 በኦ፣ 5 በኤስ፣ 7 በቲ፣ 8 በቢ፤ 1 ደግሞ እንደ ቦታው ለኤልም ለአይም ያገለግላል። በዚህ ስሌት 31337 «ኤሊት» ተብሎ ይነበባል፣ የመጀመሪያው 3 ሲወድቅ «ሊት» ይሆናል። ቁጥሩ ራሱ ምልክት ሆኖ ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ባክ ኦሪፊስ የተባለ፣ ኮምፒውተርን ከሩቅ የሚያዝ ፕሮግራም መግቢያው በር (ፖርት የሚባለው፣ መልእክት የሚገባበት ቁጥር) እንዲሆን የመረጠው ይህንኑ 31337 ነበር፤ የኔትወርክ በሮች ቁጥር እስከ 65535 ስለሚደርስ ቦታ አላጣም።

እንዲህ ለመጻፍ ያበቁ ምክንያቶች ሁለት ናቸው፦ የእኛ ነው ብሎ ከሌላው መለየት፣ እና የተከለከሉ ቃላትን እያደነ ከሚሰርዝ ማጣሪያ ማምለጥ። እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር እናሳስብ፤ በዚህ መንገድ የይለፍ ቃል ማጠንከር አይቻልም። የይለፍ ቃል የሚሰብሩ ፕሮግራሞች ኤን በ4፣ ኦን በ0 የመተካቱን ሙከራ በራሳቸው ያደርጉታል። ቃሉን ማርዘም ይሻላል።

ሌላው የቃላቱ ምንጭ የጣት ስህተት ነው። «ፖውን» ማለት አሸነፈ፣ ድባቅ መታ ማለት ሲሆን «ኦውን» ከሚለው ቃል የመጣ ነው። በኪቦርዱ ላይ ፒ ከኦ ጎን ስላለች ጣት ሳተ፤ ስህተቱ ተወደደና ቃል ሆነ። በእኛም ኪቦርድ ተመሳሳይ ነገር በየቀኑ ይወለዳል። በላቲን ድምፅ ፊደል በምናስገባባቸው ኪቦርዶች ብዙዎቹ ላይ ጥ የምትወጣው ከት ጋር በአንድ ቁልፍ፣ ሺፍት ተይዞ ነው፤ ሺፍቱ ሲረሳ «ጥሩ» የነበረው «ትሩ» ይሆናል። እስካሁን «ትሩ»ን ቃል አድርጎ ያሳደገው የለም እንጂ ዕድሉ ክፍት ነው።

ሦስተኛው ምንጭ ቁጥሩን በድምፁ መጠቀም ነው። እንግሊዝኛው 8ን «ኤይት» ብሎ ስለሚያነብ በቃል መሐል ይሰነቅረዋል። አማርኛም የራሱ አለው፤ «1ኛ ነህ» ማለት ድንቅ ነህ ማለት ነው፣ «2ኛ አልሄድም» ደግሞ ዳግመኛ እግሬን አላነሣም። በአንድ ቁጥር ልዩነት ሙገሳው ምሬት ይሆናል። እንዲህ ያለው አገርኛ የቁጥር ጨዋታ ከተዋሰነው ይበልጥ የቀልድ ጸሐፊን ዓይን ሊስብ ይገባል።

ሊትን እንዳለ ወደ ፊደላችን ማምጣት ግን ይከብዳል። ጥቂት መመሳሰል አለ፤ ዐ ከዜሮ፣ ተ ከመደመር ምልክት፣ ፐ ከላቲኑ ቲ፣ ሀ ከላቲኑ ዩ። የግእዝ ቁጥር ግን ዜሮ የለውም፣ በቦታ ዋጋም አይሠራም። 1337 በግእዝ ፲፫፻፴፯ ነው፤ አሥራ ሦስት መቶ ሠላሳ ሰባት። አራቱ ቁጥሮች አንድ በአንድ ተለይተው ስለማይቆሙ ፊደል የሚተካ የለም። ይልቅ ሌላ ግጥጥሞሽ አለ፤ ባወቅነው ቁጥር ደስ ይለናል። ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር የሚሰጡበት ሥርዓት፣ ፊደላችንን ያካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ሀ በ16 መደብ አቆጣጠር 1200 ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ወደ ፊት ብትቆጥሩ 1337 ላይ የምታገኙት ፊደል ጷ ነው። ከቀን መቁጠሪያ በቀር የትም የማናያት፣ «ጷግሜን» ተብሎ ሲጻፍ ብቻ ብቅ የምትል ፊደል። የኤሊቶቹ ቁጥር የደረሰው ለአሥራ ሦስተኛዋ ወር ፊደል ነው።

በላቲን ፊደል መጻፉ ደግሞ ከስንፍና ብቻ የመጣ አይደለም። አንድ የሞባይል አጭር መልእክት 140 ባይት፣ ማለትም 1120 ቢት ይይዛል። ተራ የላቲን ፊደል 7 ቢት ስለሚበቃው 160 ፊደል ይገባል፤ የእኛ ፊደል 16 ቢት ስለሚፈልግ የሚገባው 70 ብቻ ነው። በአማርኛ ፊደል የተጻፈ ረዘም ያለ ሰላምታ ለሁለት ተከፍሎ የሁለት መልእክት ሂሳብ ይቆርጣል። «ነው»ን በሁለት ተነባቢ ብቻ የመጻፉ ልማድ የመጣው ከዚህ የቦታ ቁጠባ ዘመንና ስልኮቹ ፊደላችንን ከማያውቁበት ጊዜ ነው፤ ቴሌግራም ፊደል ሳይቆጥር ዛሬም ቀጥሏል።

አሁን ወደ ፍቺው።

ፍቺ የሚለው ቃል ራሱ የሚያስተምረን አለ። ትርጉም መፍታትም ፍቺ ነው፣ ባልና ሚስት ሲለያዩም ፍቺ ነው። ስለዚህ «የቀልድ ፍቺ፦ ቃልና ትርጉሙ በስምምነት የሚለያዩበት ጉዳይ» ብትሉ አንዱ ቃል ሁለቱንም ይሸከማል። ቅኔ የሚያውቁ ሰዎች ይህን ኅብር ይሉታል። ሰምና ወርቅ የለመደ ጆሮ ያለው አንባቢ ስላላችሁ ከብዙ ቋንቋ ጸሐፊ ቀድማችሁ ትጀምራላችሁ። የኮምፒውተር ጠጋኞች በእንግሊዝኛ «አይ-ዲ-ቴን-ቲ ስህተት» የሚሉት ነገር አለ። ለባለቤቱ ሲነገረው የከባድ ብልሽት ስም ይመስለዋል፤ ሲጻፍ ግን 1 አይ፣ 0 ኦ ሆነው «ኢዲየት»፣ ጅል፣ የሚል ቃል ይወጣል። ሰሙ በጆሮ፣ ወርቁ በዓይን መሆኑ ነው።

አንድ ቃል ይዘን ደረጃ በደረጃ እንሥራ። «ላግ» እንበል። መጀመሪያ ደረቁን ትርጉም በአንድ መስመር ጻፉ፦ በተላከና በደረሰ መካከል ያለ መዘግየት። ቀጥሎ መንሥኤውን ፈልጉ። ኢንተርኔት ላይ የሚላክ ነገር ሁሉ በትናንሽ ጥቅል ተከፋፍሎ ይሄዳል፤ መስመሩ ሲጨናነቅ ጥቅሎቹ በየመገናኛ መሣሪያው ላይ ወረፋ ይይዛሉ። መዘግየቱ የሚለካው በሚሊሰከንድ ነው፤ ከ100 ሲያልፍ የኳስ ወይም የተኩስ ጌም የሚጫወት ሰው በጣቱ ይሰማዋል። እዚህ ላይ «ወረፋ» የሚለውን ቃል አገኛችሁ። ሦስተኛው ሥራ ወረፋ የሚባለውን ነገር አንባቢው በአካል የሚያውቅበትን ቦታ መፈለግ ነው፤ የከተማው ዳርቻ ነዋሪ ሩቅ አይሄድም፦

ላግ (ስም)፦ የተናገራችሁት ቃል አያት አደባባይ ተሰልፎ ታክሲ የሚጠብቅበት ጊዜ።

ይህ ፍቺ የሚያስቀው እውነት ስለሆነ ነው። ሰልፉ ማስመሰያ ብቻ ሳይሆን የነገሩ መንሥኤ ነው። «ላግ፦ ኤሊ» ብትሉም ሰው ፈገግ ይል ይሆናል፤ ስለ ላግ ግን ምንም አልተማረም፣ ኤሊም ለሌላ መቶ ቃል ትሆናለች።

አራተኛው ሥራ ቅደም ተከተሉን ማስተካከል ነው፤ አማርኛ ትልቅ ዕድል የሚሰጠውም እዚህ ላይ ነው። ግሳችን መጨረሻ ይመጣል፣ ገላጩ ከስሙ ይቀድማል። እንግሊዝኛው «ሰው፣ እንዲህ የሚያደርግ» ብሎ ስሙን አስቀድሞ ሲጨርስ፣ እኛ «እንዲህ የሚያደርግ» ብለን አንባቢውን አንጠልጥለን ማን ወይም ምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ እናወርድለታለን። ስለዚህ ያልተጠበቀው ቃል የመጨረሻው ስም ወይም የመጨረሻው ግስ ይሁን። «ፔብካክ» የሚባለውን እዩ። ችግሩ ያለው በኪቦርዱና በወንበሩ መካከል ነው፣ ማለትም ተጠቃሚው ራሱ ነው፣ የሚል የቴክኒሻኖች ምህጻር ነው፦

ፔብካክ (ስም)፦ «ዋይፋዩ ሞቷል» ተብሎ የተጠራ ባለሙያ ሦስት ታክሲ ቀይሮ መጥቶ የሚሰካው ሶኬት።

«ሶኬት» የሚለውን ወደ መጀመሪያው አምጡትና አንብቡት፤ ቀልዱ ይፈሳል። በግስ የሚያልቅም እንዲሁ ነው፦

ተፖወነ (ግስ)፦ አርባ ደቂቃ ተሰልፎ ተራው ሲደርስ «ሞልቷል!» ተባለ።

እዚህ አንድ የሰዋስው ጉዳይ አለ። የአማርኛ መዝገበ ቃላት ግስን የሚያስገባው በኃላፊ፣ በሦስተኛ መደብ፣ በወንድ ነው፤ ሰበረ፣ ሄደ እንደሚባለው። የተዋስናቸውን ቃላት ብዙውን ጊዜ በ«አደረገ» እናስኬዳቸዋለን፤ ሼር አደረገ፣ ብሎክ አደረገ። ለቀልድ ፍቺ ግን ቃሉን ከሥሩ ማርባት ይበልጣል። ጎገለ፣ ይጎግላል፣ ጎግሎ። ባዕዱ ቃል የአገር ልብስ ለብሶ ሲቆም ፍቺው ሳይጀመር ፈገግታው ይጀምራል።

ርዝመቱ ከ20 ቃል ባይበልጥ ይመከራል። ከዚያ ካለፈ ፍቺ መሆኑ ቀርቶ ወሬ ይሆናል። ማጠር ደግሞ ራሱን የቻለ ጉልበት አለው። «ኤ-ኤፍ-ኬ» ማለት ከኪቦርዱ ርቄያለሁ ማለት ነው። ውሃ በፈረቃ ለሚደርሰው ሰፈር ሁለት ቃል ይበቃዋል፦

ኤ-ኤፍ-ኬ፦ ውሃ መጥታለች።

ሰው ስልኩን ጥሎ ወደ ባልዲው የሚሮጥበትን ምክንያት ማብራራት አያስፈልግም። ለ«ኑብ»፣ ገና ለጀመረ አላዋቂ ለሚባለው፣ ትንሽ መርዘም ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ኑብነት ሂደት ነው፦

ኑብ (ስም)፦ ቁልፍ በተረከበ በሳምንቱ «ነገም ትመጣለች» ብሎ በርሜሉን ሳይሞላ የሚተኛ የአራተኛ ፎቅ ነዋሪ።

31337 (ቅጽል)፦ ሰልፉን አልፎ ጋቢና ሲገባ ማንም «ተሰለፍ!» የማይለው።

ቲ-ኤል-ዲ-አር (ረዝሟልና አላነበብኩትም)፦ የኮሚቴውን ማስታወቂያ ያላነበበ ሰው «ስብሰባው መቼ ነው?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት የሚስላት ሳል።

የመዝገበ ቃላቱን ድምፅ አትልቀቁ። «ስም»፣ «ግስ»፣ «ቃለ አጋኖ» የሚለው ደረቅ ምልክት፣ የሦስተኛ ሰው አነጋገሩ፣ በአራት ነጥብ መዘጋቱ ሁሉ ቀልዱን የሚሸከመው መደብ ነው። ጸሐፊው ራሱ እየሳቀ ከጻፈ፣ ቃለ አጋኖ ምልክት ከደረደረና የሚስቅ ፊት ከለጠፈ፣ ለአንባቢው የሚስቅበት አይተርፈውም።

በአማርኛ ላይ ለፍቺ ጸሐፊ የተዘጋጀ ሌላ ሀብት አለ፤ መጥበቅና መላላት በጽሑፍ አይለይም። «ሰፊ» ሲላላ ልብስ የሚሰፋ ነው፣ ሲጠብቅ ጠባብ ያልሆነ። «ገና» ሲላላ ያልደረሰ፣ ሲጠብቅ በዓል ነው። «የኔትወርኩ ፍጥነት ገና ነው» ብላችሁ ብትጽፉ በዓመት አንድ ጊዜ ይመጣል ማለትም ይሆናል። ይህ የሚሠራው ግን በጽሑፍ ብቻ ነው። በድምፅ መልእክት ስትልኩት ምላሳችሁ አንዱን መምረጥ ስላለበት ኅብሩ ይፈርሳል። ተቃራኒውም እውነት ነው፤ በአፍ ያሳቀ ሁሉ ሲጻፍ አያስቅም።

ምህጻረ ቃልን ሆን ብሎ በሐሰት መዘርዘር የተወደደ ዘዴ ነው፤ በአማርኛ ግን ከሚታሰበው ይከብዳል። ላቲኑ ፊደል አንድ ድምፅ ብቻ ስለሚይዝ ብዙ ቃል ይገጥመዋል፤ የእኛ ፊደል አናባቢውን አብሮ ይዞ ስለሚመጣ ምርጫው ይጠባል። «ሎል»ን ውሰዱ፤ በእንግሊዝኛ ድምፅ አውጥቶ መሳቅ ነው፤ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ2011 ተቀብሎታል። በሎ የሚጀምር የአማርኛ ቃል ስንት ነው? ሎሚ፣ ሎሌ፣ ሎጋ፣ ጥቂት ሌላ። ጠባቡ በር ግን አንዳንዴ ጥሩ ነገር ያስገኛል፦

ሎል፦ ሎሚ ልሷል። ሳይስቅ «ሎል» ብሎ የሚጽፍ ሰው ፊት።

ሰው «ሎል» ሲጽፍ አብዛኛውን ጊዜ እንደማይስቅ ሁሉም ስለሚያውቅ ፍቺው በቃሉ እውነተኛ አጠቃቀም ላይ ቆሟል።

የሐሰት ዝርዝር ግን አደጋ አለው፤ ይታመናል። «ኤስ-ኦ-ኤስ» ነፍሳችንን አድኑ የሚል ምህጻር ነው ብለው የሚያምኑ ብዙ ናቸው። ምህጻር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1906 በበርሊን በተደረገው የራዲዮ ስምምነት የተመረጠው በሞርስ ምልክት ሦስት ነጥብ፣ ሦስት ሰረዝ፣ ሦስት ነጥብ ሆኖ በቀላሉ ስለሚለይ ነው፤ ቃላቱ ኋላ የተለጠፉ ናቸው። ዕድሜም ያታልላል። «ኦ-ኤም-ጂ» የሞባይል ልጅ ይመስላል፤ ነገር ግን የእንግሊዙ የባሕር ኃይል አዛዥ የነበሩት ሎርድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1917 ለቸርችል በጻፉት ደብዳቤ ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ ደረቁን ትርጉም ከቀልዱ ሥር በአንድ መስመር አስቀምጡ። በተለይ ግሩፑ ውስጥ ለልጆቻቸው የሚያስረዱ ወላጆች ካሉ ይህን መዝለል ልክ አይመስለንም።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ምን ላይ ነው? ከሁሉ የከፋው የእንግሊዝኛ ቀልድ ተርጉሞ ማቅረብ ነው። ስለ ፒዛ አድራሽና ስለ ምድር ቤት ክፍል የተጻፈ ፍቺ ገላን ላይ ማንንም አያስቅም፤ እቃው የለማ። ሌላው ዒላማውን መሳት ነው። ከገጠር የመጣን ሰው፣ አነጋገሩን፣ ብሔሩን፣ ሃይማኖቱን ወይም የአካል ጉዳቱን መሳቂያ ማድረግ ለአንዱ ሳቅ ሲሆን ለጎረቤቱ ቁስል ነው፤ በብሔር፣ በሃይማኖት ወይም በአካል ጉዳት ላይ ተመሥርቶ ጥላቻ መቀስቀስ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 ያስጠይቃል። ልማድን፣ ሁኔታን፣ መሣሪያን ዒላማ አድርጉ። የኑብ ፍቺ ላይ የሳቅነው በርሜሉን ባለመሙላቱ ነው፤ ያንን ደግሞ አንድ ቀን ሁላችንም አድርገነዋል። በጣም የጠበበ ነገርም አይሠራም፤ የብሎክ 47 ዘበኛ ፉጨት ለብሎክ 48 ምንም አይደለም። ሰልፍ፣ ውሃ፣ መብራት፣ ቁልፍ ርክክብ ለሁሉም ይደርሳል።

«ክክክ»ንም እንፍታው። የእኛ ሰው በጽሑፍ ሲስቅ ክ ይደረድራል፤ ከአገር ውጭ ግን በላቲን ፊደል ሦስት ኬ ብቻውን ሲታይ የአሜሪካን የዘረኞች ማኅበር ምህጻር ስለሚመስል ለውጭ ሰው ስትጽፉ ተጠንቀቁ። በፊደላችን ሲጻፍ ግን ከጓዳችን ጋር ይገጥማል፦

ክክክ (ቃለ አጋኖ)፦ በሁለት ክ ወጥ፣ በሦስት ክ ሳቅ።

ይህን ሁሉ በጨዋታ መልክ መለማመድ ይቻላል። ከ4 እስከ 8 ሰው ይበቃል። አንዱ ተራ ደራሽ ሌሎቹ የማያውቁትን ቃል ይመርጣል፤ አንድ ሰው እንኳ የሚያውቀው ከሆነ ይቀየራል። ደራሹ እውነተኛውን ትርጉም፣ ሌሎቹ የፈጠሩትን ፍቺ በተመሳሳይ ቁራጭ ወረቀት ላይ በ3 ደቂቃ ውስጥ ይጽፋሉ። ደራሹ ሰብስቦ፣ አደባልቆ፣ በአንድ ዓይነት ድምፅ ያነባል። ከማንበቡ በፊት አንድ ጊዜ በሆዱ ቢያያቸው ጥሩ ነው፤ የእጅ ጽሑፍ አልነበብ ብሎት ከተደናቀፈ ያ ፍቺ የእርሱ እንዳልሆነ ይታወቅበታል። እውነተኛውን የለየ 1 ነጥብ ያገኛል፤ የፈጠራ ፍቺው ሌላውን ያሳመነለት ለእያንዳንዱ ድምፅ 1 ነጥብ ያገኛል፤ ማንም ካልለየ ደራሹ 2 ይወስዳል። ለሳቅ የተለየ ነጥብ መስጠት ከፈለጋችሁ ድምፁ እውነተኛው ትርጉም ከመገለጡ በፊት ይሰጥ፤ ከተገለጠ በኋላ ሰው የሚስቀው በተሸወደው ጎረቤቱ ላይ ነው። ወረቀት ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳል፣ ወረቀቱ ግን በአንድ ሻማ ለስምንት ሰው ይነበባል።